ዘጠና አምስት ለሁሉም

በዚያ ዘመን እኔ ዘንድ የተማረ ልጅ ሁሉ ዘጠና አምስት ያገኝ ነበር። ፊደል የለየውም፣ ያልለየውም፣ ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ የሚያረፍደውም። መቶ እንዳልሰጥ መምህርነቴ ያዘኝ፤ ከዘጠና አምስት እንዳልቀንስ ደግሞ ይሉኝታ ያዘኝ። ዛሬ ሳወራው ቀልሎኛል። ያኔ ግን አንድ ሰው "ምነው ጋሽ አሥራት፣ ይሄ ነገር ትክክል ነው?" ቢለኝ ሽንጤን ገትሬ ነበር የምከራከረው።

አዲስ አበባ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። እዚህ ሎስ አንጀለስ ደግሞ ሆሊውድ ውስጥ አንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ቲኬት እሰጣለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ግን እንደገና መምህር ነኝ። ከፌርፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ቤተ ክርስቲያናችን የሚከራየው አዳራሽ አለ። ከአዳራሹ ኋላ ባለችው ክፍል ለምእመናኑ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ።

ዘጠና አምስት የተጀመረው እንዲህ ነው። አንድ ዓመት ለአንድ ልጅ ሃምሳ ሁለት ሰጠሁት። እውነቱን ለመናገር አርባም አይገባውም ነበር። እናቱ ወረቀቱን አየች፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ" ብላኝ ወጣች። በሳምንቱ ሦስቱም ልጆቿ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ፓስተራችን፣ በዕድሜ ልጄ ይሆናል፣ ለብቻ ጠራኝና "ጋሽ አሥራት፣ እነዚህ እናቶች ሳምንቱን ሙሉ ቆመው ነው የሚውሉት። ቅዳሜ ደግሞ ልጅሽ ሰነፍ ነው አይበሉብኝ" አለኝ። ነገሩ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ማንንም አላስቀየምኩም።

በየዓመቱ ጁን ላይ የመዝጊያ ዝግጅት እናደርጋለን። ልጆቹ አንድ በአንድ ይጠራሉ፣ ወርቃማ ማኅተም የተለጠፈበት ሰርተፊኬት ይቀበላሉ፣ እናቶች እልል ይላሉ። ወረቀቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ መናገር፣ መስማት፣ ማንበብና መጻፍ፣ እጅግ በጣም ጥሩ፣ ዘጠና አምስት ከመቶ። ከታች የእኔ ፊርማ አለ። ፊርማዬን ደግሞ እወደው ስለነበር ሰፋ አድርጌ ነው የምፈርመው።

በፈረንጆች 2014፣ ሜይ ወር ላይ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፀዲ መኪናዋን እያበረረች እኔ ያለሁበት በር ላይ መጥታ ቆመች። ፀዲ ፌርፋክስ ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ወጥ ቤት ትሠራለች፤ ባሏ ተስፋሁን ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፤ የሚኖሩት ኢንግልዉድ ነው። ልጃቸው አቢጋኤል ሰባት ዓመት ሙሉ የእኔ ተማሪ ናት። ቲኬት ልሰጣት እጄን ስዘረጋ ፀዲ ራሷን ነቀነቀች።

"ጋሼ፣ ለፓርኪንግ አይደለም የመጣሁት። እርስዎን ፈልጌ ነው።"

ከኋላዋ ሁለት መኪና ክላክስ ማድረግ ጀምሯል። ጥግ ላይ አስቆምኳትና የሥራ ባልደረባዬን በሩ ላይ ተክቼ ወጣሁ። የወጥ ቤት ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ጉድ ፈልቷል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

"አቢጋኤል የሳይንስ ፕሮግራሙ ደረሳት" አለችኝ።

የሳይንስ ፕሮግራሙን አውቃለሁ፤ ወራት ሙሉ ጸልየንበታል። ልጅቷ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍልን ትጨርሳለች። ዘጠነኛ ክፍል ላይ አንድ ሃይስኩል ውስጥ ላቦራቶሪ ያለው፣ ሆስፒታል ድረስ ወስዶ የሚያስተምር ፕሮግራም አለ፤ የሚገባውም በዕጣ ነው።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ታዲያ ምን ሆንሽ?"

"አያስገቧትም ጋሼ። ሊስቱ ላይ ናት።"

"የምን ሊስት?"

"የእንግሊዝኛ ተማሪዎች። እንግሊዝኛ ቋንቋቸው ያልሆነ ልጆች። እሱ ላይ ያለ ልጅ በቀን ሁለት ክፍለ ጊዜ እንግሊዝኛ መማር አለበት፤ ሶ ከሳይንሱ ጋር አይገጥምም። እስከሚቀጥለው ዓርብ ካልወጣች ቦታዋን ለሌላ ልጅ ይሰጡታል።"

"የትኛዋ አቢጋኤል? እዚሁ የተወለደችው?"

"እሷው።"

"እንግሊዝኛ ትማራለች?"

"ዘጠኝ ዓመቷ" አለች ፀዲ። "ከኪንደርጋርተን ጀምሮ።"

ደሜ ፈላ። ይህቺ ልጅ ከእናቷ ሆድ ወጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነጠሰችው እዚህ ከተማ ነው። ስለ ስቴቱ፣ ስለ ፖለቲከኞቹ፣ ጥቁር ልጅ ሲያዩ የኋላ ወንበር ስለሚያሳዩት ሰዎች አንድ አምስት ደቂቃ ያህል ተናገርኩ። መኪናውን የሚቆልፍ ሰውዬ ዞሮ አየኝ። ፀዲ እስክጨርስ ጠብቃ ነው ቀስ ብላ የተናገረችው።

"ጋሼ፣ ፎርሙን ያስታውሳሉ?"

አስታወስኩት። በመጀመሪያ ያላስታወስኩ ለመምሰል ሞከርኩ እንጂ አስታውሻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አገር ልጅህን ትምህርት ቤት ስታስመዘግብ ስለ ቤትህ ቋንቋ አራት ጥያቄ ያለው ፎርም ይሰጡሃል። ልጁ መጀመሪያ የተናገረው ምንድን ነው፣ ቤት ውስጥ የሚናገረው ምንድን ነው፣ እናንተ ለእሱ የምትናገሩት፣ እርስ በርስ የምትናገሩት። አቢጋኤል በተመዘገበችበት ዓመት ፌርፋክስ ላይ ሊትል ኢትዮጵያ የሚለው ሰሌዳ ከተሰቀለ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ ደረታችን አብጧል። ከትምህርት ቤት የሚላከው ወረቀት ግን በስፓኒሽ አለ፣ በኮሪያ ቋንቋ አለ፣ በአርመን አለ፣ በአማርኛ የለም። አንድ ሕዝባዊ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ለምን ብዬ ጠየቅሁ። "ቁጥራችሁ አይሞላም" አሉኝ።

እኔ ደግሞ አይሞላም ሲሉኝ አልወድም። በእሁዱ መድረክ ላይ ወጣሁና "ወገኖቼ፣ አራቱንም መስመር አማርኛ ብላችሁ ሙሉ። አንድ ልጅ አንድ ቁጥር ነው" አልኩ። ጭብጨባው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ቤታቸው ውስጥ ቴሌቪዥኑም ልጁም እንግሊዝኛ ብቻ የሚያወራባቸው ሰዎች ሳይቀሩ ሞሉ። ልጁ ከተቆጠረ በኋላ የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ እንደሚቀመጥ፣ በአምስት ዓመቱ አፍሮ ዝም ካለ ሊስቱ ላይ እንደሚገባ፣ ከገባ በኋላም የስቴቱን ፈተና ሁሉ ሳያልፍ እንደማይወጣ የነገረን የለም። የነገረን የለም ስል፣ እኔም አልጠየቅሁም።

"ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ታዲያ ፈተናውን አላለፈችም?" አልኳት ፀዲን።

"ስድስተኛ ክፍል ንባቡን በአራት ነጥብ ሳተችው። ሰባተኛ ላይ የፈተናው ሳምንት ታመመች። ዘንድሮ ደግሞ ስቴቱ ፈተናውን እየቀየርኩ ነው ብሎ ውጤት የሚባል ነገር የለም። ሶ ኮሚቴ ተቀምጦ ፋይሏን አይቶ ይወስናል። ፋይሉ ውስጥ ደግሞ..." አቆመች።

"ፋይሉ ውስጥ ምን?"

"የእርስዎ ሰርተፊኬት። ሰባቱም።"

"ማን አስገባው?"

"እኔ ነኛ። በየዓመቱ ኮፒ አድርጌ ወሰድኩላቸው። ጎበዝ መሆኗን እንዲያውቁ ብዬ።" ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን አላለቀሰችም። "አሁን ሴትዮዋ፣ ኃላፊዋ፣ ምን አለችኝ? 'የልጅሽ ጠንካራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ አስተማሪዋ ራሱ መስክሯል' አለችኝ።"

ያቺ ሰፊ ፊርማዬ ሰባት ጊዜ ተደርድራ ታየችኝ።

"አንድ ደብዳቤ ይጻፉልኝ" አለች ፀዲ። "ፈትነዋት፣ አማርኛ ምን ያህል እንደምትችል እውነተኛውን። ሚቲንጉ ማክሰኞ ነው። እርስዎም እንዲመጡልኝ።"

"መብቷን እኮ ነው የነፈጓት። ጠበቃ ይዘን..."

"ጋሼ፣ ጠበቃ አልፈልግም። ሳይንሱን ነው የምፈልገው" አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ላይ ደብዳቤውን ጽፌ ለባለቤቴ ለየምሥራች አነበብኩላት። የምሥራች መነጽሯን አደረገችና ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ለራሷ ደግማ አነበበችው። አቢጋኤል በሁለቱም ቋንቋዎች የተዋጣላት፣ በአማርኛ ከፍተኛ ችሎታ ያላት፣ በእንግሊዝኛም ከማንም የማታንስ ተማሪ ናት ይላል። እኔ እንደ ተዋጣለት ነገር ነበር የማየው፤ ማንንም አይነካም።

"አሥራት፣ ይሄማ ሌላ ዘጠና አምስት ነው" አለችኝ።

"ምኑ ነው ዘጠና አምስት?"

"ያቺ ልጅ ባለፈው ከእናቷ ጋር ስትመጣ ጨው አቀብዪኝ አልኳት። ፈገግ አለችልኝ። ደግሜ አልኳት። አሁንም ፈገግ አለችልኝ። ተነስቼ ራሴ አመጣሁት።"

"ሰው ቤት አፍራ ነው።"

"የልጅቷ ነገር ነው የሚያሳስብህ ወይስ ያንተ ስም?"

ሠላሳ አራት ዓመት አብሮህ የኖረ ሰው የት ጋ እንደሚነካህ ያውቃል። ቁርሴን ሳልጨርስ ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ ተናድጄ ተናድጄ ሆሊውድ ስደርስ ንዴቱ አለቀና ፍርሃቱ ብቻ ቀረ። ምን እንደ ፈራሁ ልናገር፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቅዳሜን ሁሉ ገብሬበት ያስተማርኩት ነገር ባዶ እንዳይሆን ነበር የፈራሁት።

ቅዳሜ ሌሎቹ ልጆች ከሄዱ በኋላ አቢጋኤልን አስቀረኋት። ከእናቷ በላይ ረዝማለች። ፈተናውን ላዘጋጅ ወረቀቴን ስፈልግ ከበሩ ላይ ሆና ከአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ከራሞን ጋር በስፓኒሽ ታወራለች። ማውራት ብቻ አይደለም፤ ትቀልዳለች፤ ሰውየው መጥረጊያውን ተደግፎ ይስቃል።

"ስፓኒሽ የት ተማርሽ?"

"ክላስ ውስጥ" አለችኝ። "ሁሉም ልጆች ከሜክሲኮና ከሳልቫዶር ናቸው። እኔ ብቻ ነኝ ሐበሻ።"

መንግሥት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ ብሎ ዘጠኝ ዓመት አስቀምጦ ስፓኒሽ አስተማራት። እኔ አማርኛ አስተምራለሁ ብዬ ሰባት ዓመት አስቀመጥኳት። እስቲ የኔን ደግሞ እንየው ብዬ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ መጽሐፍ ቅዱስ ገለጥኩላት። እንደ ውሃ አነበበችው። ይህን አውቃለሁ፤ ለፋሲካ መድረክ ላይ ወጥታ አንድ ምዕራፍ አንብባ እናቶችን አስለቅሳ ነበር። ልቤ ሞቅ አለ።

"ጎበዝ። አሁን ያነበብሽውን በራስሽ ቃል ንገሪኝ።"

ጫማዋን አየች።

"በእንግሊዝኛም ይሁን" አልኳት።

"ጋሼ፣ ምን እንደሚል አላውቅም" አለችኝ። "ፊደሎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ድምፃቸውን። በቃ።"

"ፋሲካ ለታስ?"

"ያኔም።"

ወንበሩን ከበሩ አርቂው አልኳት፤ ወደ በሩ ወሰደችው። ትናንት እራት ምን በላሽ አልኳት፤ "አዎ" አለችኝ። አንድ አጭር ታሪክ ቀስ ብዬ ነገርኳትና ሰውየው ለምን እንደ ተቆጣ ጠየቅኋት፤ ሰውየው መቆጣቱንም አልሰማችም። በኋላ በቃ አላስጨንቃትም ብዬ ደመርኩት። ንባቡን ጨምሮ ሠላሳ አንድ መጣ። እስክሪብቶው እጄ ላይ ከበደኝ፤ ዘጠና አምስት ለመጻፍ የለመደ እጅ ነው። ጻፍኩት።

አቢጋኤል ወረቀቱን አየችና ቀና አለች።

"ይሄ ሪል ነው?"

"ሪል ነው።"

"ከሊስቱ ያወጣኛል?"

"እንጃ። እንሞክራለን።"

ፈገግ አለች። ሠላሳ አንድ አግኝቶ እንዲህ ፈገግ ያለ ተማሪ በሕይወቴ አላየሁም። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ፊቴን አየችው። እነዚህ እዚህ ያደጉ ልጆች አንቱ አይሉም፤ ድሮ ይቆረቁረኝ ነበር።

"ጋሼ፣ አንተ አዘንክ?"

"አላዘንኩም" አልኳት፤ አዝኛለሁ። "ግን እስቲ አንድ ነገር ንገሪኝ። እኔስ በሳምንት አንድ ቀን ነው የማገኝሽ። እናትና አባትሽ ቤት ውስጥ አማርኛ ነው የሚያወሩት፤ እንዴት እነሱን እየሰማሽ አልለመድሽም?"

"እኔ ስገባ ይቀይራሉ" አለችኝ። ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በእንግሊዝኛ ነው የነገረችኝ። ሦስተኛ ክፍል እያለች አንዲት አስተማሪ ፀዲን ጠርታ "ልጅሽ ከሊስቱ ቶሎ እንድትወጣ ከፈለግሽ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አውሯት" ብላታለች። "ከዚያ ቀን በኋላ ማሚ አማርኛ ስቶፕ አደረገች። ዳዲም። ወጥ ቤት ውስጥ ሁለቱ ሲያወሩ እሰማለሁ፣ ይስቃሉ፤ እኔ ስገባ ወደ እንግሊዝኛ ይሄዱና መሳቁን ይተዉታል። ምክንያቱም እንግሊዝኛቸው... ያው ታውቃለህ።"

አውቃለሁ። አማርኛ ይቆጠርልን ብለን ጻፍን፤ የጻፍነው አማርኛ ልጅቷን ሊስት ላይ አስገባ፤ ሊስቱን ፈርተው አማርኛውን ከቤት አስወጡት። ፎርሙ ላይ ግን እስከ ዛሬ አራት ጊዜ ተጽፎ አለ። እኔ ደግሞ በየዓመቱ ወርቃማ ማኅተም ለጠፍኩበት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አዲስ ደብዳቤ ጻፍኩ። አምስት መስመር ነው። የምሥራች አንብባ ሻይ ቀዳችልኝና አጠገቤ ተቀመጠች።

ማክሰኞ ትምህርት ቤት ስንደርስ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቡን። የእንግሊዝኛ ተማሪዎቹ ኃላፊ ሚስ ካስቲዮ፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩና የአቢጋኤል እንግሊዝኛ አስተማሪ ከጠረጴዛው ወዲያ፣ እኔ፣ ፀዲና አቢጋኤል ወዲህ። ተስፋሁን ተራውን ትቶ መምጣት ስላልቻለ በየአሥር ደቂቃው ለፀዲ ይደውላል። ጠረጴዛው መሐል ስልክ ተቀምጧል፤ ከስልኩ ውስጥ አስተርጓሚ አለ፤ ለእኔ ነው። እኔ አስተርጓሚ አያስፈልገኝም ብዬ በእንግሊዝኛ ተናገርኩና ስልኩን ገፋ አደረግሁት። ከፍ ካለ ወንበር ላይ የተቀመጥኩ መስሎኝ ነበር።

ሚስ ካስቲዮ ደብዳቤዬን አነበበች። ከዚያ የፈተናውን ወረቀት አወጣች። ከዚያ ፋይሉን ከፍታ ሰባቱን ሰርተፊኬት በተርታ ደረደረቻቸው። ሰባት ዘጠና አምስት፣ አንድ ሠላሳ አንድ።

"የትኛው ነው እውነቱ?" አለችኝ። ቁጣ የለባትም፤ የምር ነው የጠየቀችው።

"ሠላሳ አንዱ።"

"እነዚህስ?"

"እውነት አይደሉም። ለሁሉም ልጅ ዘጠና አምስት ነው የምሰጠው።"

ምክትሉ ብዕሩን አስቀመጠ።

"ለምን?" አለች ሚስ ካስቲዮ።

በአማርኛ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰዓት እናገር ነበር። ስለ ይሉኝታ፣ ስለዚያች ሦስት ልጆቿን ይዛ ስለ ሄደችው እናት፣ ስለ እልልታው። እንግሊዝኛዬ ግን አጭር ነው፤ እና አጭሩ ይሻል ነበር።

"እናቶቻቸው ደክሟቸው ስለሚመጡ" አልኩ።

ፀዲ ጠረጴዛውን ታያለች፤ ለካ ለእሷም ነው የሚከብደው፤ በየዓመቱ ኮፒ እያደረገች የወሰደችው ኩራቷ ነው እዚያ የተደረደረው። እጇን ልይዛት ፈለግሁ፣ አፈርኩ።

ምክትሉ ፎርሙን አነሳ። "እዚህ ላይ ግን ወላጆች ራሳቸው አራቱንም አማርኛ ብለው ሞልተዋል። ይሄስ ትክክል አይደለም ማለት ነው?"

ፀዲ አፏን ከፈተች። ልትዋሽልኝ እንደሆነ አውቄአለሁ፤ እኛ ነን የተሳሳትነው ልትል ነው፤ ለትልቅ ሰው የሚደረገው እንደዚያ ነው። ቀደምኳት።

"እኔ ነኝ እንደዚያ ሙሉ ያልኳቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በማይክሮፎን። እንድንቆጠር ፈልጌ ነው። ከተቆጠርን በኋላ በልጆቹ ላይ ምን እንደሚደረግ አላወቅሁም።"

ተናግሬ ስጨርስ አንድ ከባድ ነገር ከትከሻዬ ወረደ። ለካ ሰው ሊያውቅብኝ ነው ብሎ መፍራት ካወቀብኝ በኋላ ካለው ይብሳል።

ሚስ ካስቲዮ ወደ ኋላ ተደገፈች። "ፎርሙን መለወጥ አልችልም፤ ሕጉ አይፈቅድልኝም" አለች። "ግን ዘንድሮ የስቴቱ ውጤት ስለሌለ ኮሚቴው ሌላ ማስረጃ መቀበል ይችላል። እኔን ያቆመኝ እነዚህ ሰባት ወረቀቶች ነበሩ።" ሰብስባ ገለበጠቻቸው። "እኔም እኮ እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል ሊስቱ ላይ ነበርኩ። አባቴ ስፓኒሽ ብሎ ስለጻፈ።"

እንግሊዝኛ አስተማሪው፣ እስካሁን ቃል ያልተነፈሰው፣ "ከክፍሌ አንደኛ የምትጽፈው እሷ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሪፖርት ላይ ጽፌዋለሁ" አለ። ማን አንብቦት።

ከዚያ ሚስ ካስቲዮ ወደ አቢጋኤል ዞረችና ሳይንስ ለምን እንደምትፈልግ ጠየቀቻት። ልጅቷ ጀመረች። ስለ አንድ የደም ሕዋስ ነው መሰለኝ፣ በእጇ እያሳየች፣ ሳትቆም ተናገረች። እኔ ግማሹ አልገባኝም፤ ስልኩን ወደ ራሴ ልመልሰው ምንም አልቀረኝም። ምክትሉ አንድ ቦታ ላይ ሳቀ። ሌላ ቦታ ላይ ጥያቄ ጠየቃትና መልሱ ሲመጣ ሰዓቱን አየ።

"በቃ፣ በቃ" አለ። "የት ነው የምፈርመው?"

ሦስቱ ፈረሙ። አራተኛው መስመር የወላጅ ነው። ፀዲ ብዕሩን ይዛ ቆየች፤ የትኛው መስመር እንደሆነ የጠፋት መስሎኝ በጣቴ አሳየኋት። አይታዋለች። እንባዋ ወረቀቱ ላይ እንዳይወድቅ ነበር የምትጠብቀው። በእጇ ጀርባ ጠረገችና ፈረመች። እፎይ አለች፣ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ሰው እስኪሰማት ድረስ።

ስንወጣ ሚስ ካስቲዮ በሩ ላይ አቆመችኝ። "ዘጠና አምስት ያላቸው ሌሎች ልጆች ስንት ናቸው?" አለችኝ።

"ሁሉም።"

"ሁሉንም ላክልኝ" አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ ባሉት ሁለት ዓመታት ለእሷና ለሌሎች ትምህርት ቤቶች አሥራ አንድ እውነተኛ ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ ክፍሌንም ከማንበብ ይልቅ ከማውራት እንዲጀምር አድርጌ ቀየርኩት። ሁለት እናቶች ተቀይመው ሄዱ። ይሁን።

ወደ መኪናው ሄድን። ፀዲ ለተስፋሁን ደውላ "ወጣች፣ ወጣች" አለችው፤ ሌላ ነገር መናገር አቃታት። ከስልኩ ውስጥ ሲጮህ እኔም ሰማሁት፤ ከኋላው መኪኖች ክላክስ ያደርጉበታል። እኔ ከኋላ ወንበር ገባሁ፣ አቢጋኤል ከፊት። ፀዲ ሞተሩን አስነስታ ሳትንቀሳቀስ ትንሽ ተቀመጠች። ወደ ልጇ ዞረች።

"ቀበቶሽን እሰሪ" አለቻት።

"ምን?" አለች አቢጋኤል።

ፀዲ አፏን ከፈተች። እንግሊዝኛው አፏ ላይ እንደ መጣ፣ አምስት ዓመት ሙሉ እንደለመደችው፣ አየሁት። ከዚያ ዋጠችው። ጎንበስ ብላ በልጇ ትከሻ በኩል ቀበቶውን ሳበችና፣ ከዚህ በኋላ ማንም ሊቆጣት እንደማይችል ሰው፣ ቀስ ብላ ደገመችላት።

"ቀበቶሽን። እሰሪው።"